የግራ እግሬና የተክሊሉ ቀን

ግራ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ባለኝ ሰሞን በዙሪያዬ ሐኪም ያልሆነ ሰው አልነበረም። አባቴ አቶ ተስፉ ጉርድ ሾላ ላይ ጎሚስታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተነፈሰ ጎማ ሲያክም የኖረ ሰው ያበጠ እግር ሲያይ መላው ጠፋበትና ጫማሽ ጠቦሽ ነው አለኝ። ጓደኛዬ ቲጂ ብርድ መትቶሽ ነው አለች። የቢሮአችን ጥበቃ ሪህ ነው አሉ፤ ታዲያ ለምን በግራው ብቻ ብዬ ብጠይቃቸው ሪህ ሰው አያማክርም አሉኝ።

እኔም ራሴን አክም ነበር። ወሎ ሰፈር አንድ ትኬት ቢሮ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተጎልቼ ስለምውል ነው፣ ሰርጉ ሲያልፍ ይድናል እያልኩ። ያን ሰሞን ያልተመቸኝን ነገር ሁሉ ሰርጉ ሲያልፍ ወደሚባል አገር እልከው ነበር። የነገሩ ሁሉ ሥር ሰርጉ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ቢሩክን ያወቅሁት የእናቱን ትኬት ሊያስቀይር ሲመጣ ነው። እናቱ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ነበር። መጀመሪያ የያዙት ቀን አልተመቻቸውም፤ የተቀየረውም አልተመቻቸውም፤ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው መልሱልኝ አሉ። ልጃቸው በየጊዜው ላብ በላብ ሆኖ እየመጣ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እሳቸው ሄደው ተሳልመው ከተመለሱ በኋላ እንኳ መምጣቱን አላቋረጠም። ዛሬስ ምን ላስቀይርልህ ስለው መስኮቱን ተደግፎ ዝም ብሎ ያየኛል፤ የእኔም እጅ ኪቦርዱ ላይ ፈዞ ይቀራል። በዚያ ዓይን ከመጥፋቴ በፊት ይህ ቤተሰብ ቀን የመቀየር አመል እንዳለበት ልብ ብል ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ቢሩክ የቦሌ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ተናኜ ቦሌ ላይ ፎቅ አላቸው፤ አስተያየታቸው ደግሞ ከፎቁ ይበልጣል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የጎሚስታ ልጅ ሊያገባ ነው ሲባሉ ታምሜያለሁ ብለው ተኙ። ሲነሱ ተስማሙ፤ እኔን ማናገር ግን አልጀመሩም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ «ልጅቱ ሻይ ትጠጣለች?» ብለው የሚጠይቁት ቢሩክን ነው። እሱ ወደ እኔ ዞሮ ይጠይቀኛል፤ እኔ ለእሱ እመልሳለሁ፤ እሱ ለእሳቸው ይነግራል። ሦስታችንም አማርኛ እየቻልን በአስተርጓሚ ነበር የምንግባባው።

ወይዘሮ ተናኜ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰርጉ በተክሊል ይሁን። እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝዘው ራሳችንን ጠብቀን ነው የቆየነው። ቢሩክማ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእጄ አልፎ ነክቶኝ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። የቆረጡት የጥቅምት ቀን ልክ የወር አበባዬ የሚመጣበት ላይ ዋለ። በዚያ ጊዜ ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ ተክሊል ደግሞ ያለ ቁርባን የለም።

ቢሩክን ቀኑን ትንሽ ብንገፋው አልኩት። ለምን አለኝ። እንዲሁ አልኩት። ምን ልበለው? እሱም ለእናቱ ነገራቸው፤ አዳራሽ ተይዟል፣ ልጅቱ ምን ቸገራት አሉ። ያን ጊዜ ቲጂ መላ አመጣች። ሙሽሮች ሁሉ የሚያደርጉት ነው፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ፣ ቀኑ ይዘገይልሻል፣ ኖርማል ነው አለችኝ። እሷም ለራሷ ሰርግ አድርጋዋለች። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ መገናኛ ድረስ ሄጄ፣ የቲጂን የጋብቻ ቀለበት ጣቴ ላይ አጥልቄ ገዛሁ። ለሳምንት ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ተናኜ የሚመኙት ሰፊ አዳራሽ ተለቀቀላቸውና ጥቅምትን ወደ ኅዳር ገፉት። ኅዳር ላይ የካባው ጥልፍ አላለቀም ተባለ። ጾመ ነቢያት ገባና ሰርጉ ወደ ጥር ሄደ፤ የጥርም መጀመሪያው ቀርቶ መጨረሻው ሆነ። ክኒኑን ላቁመው ስል ቲጂ አሁን ካቆምሽ ቆጠራሽ ይዘበራረቃል ትለኛለች። ቀኑ በተገፋ ቁጥር እኔም ክኒኑን ገፋሁት። የሳምንቱ ነገር ወራት ፈጀ፤ እግሬ ያበጠው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

ወይዘሮ ተናኜ ማበጡን ሲሰሙ ልጅቱ በሰርጓ ቀን ልታነክስ ነው ወይ ብለው ሾፌር ላኩብኝ። ቦሌ ስደርስ ሙሉነሽ የሚባሉ ስመ ጥር ወጌሻ ቅቤ አቅልጠው ይጠብቁኛል። ጅማት ዞሮባት ነው አሉና ባቴን በሁለት አውራ ጣታቸው ያዙት። ጩኸቴ ግቢውን ሲያናውጠው ወይዘሮ ተናኜ ከሶፋቸው ሆነው፣ የሚያስተረጉም ልጃቸው ስለሌለ፣ ልጅቱ ትቻለው ብለው ለወጌሻዋ ነገሯቸው። በማግስቱ እብጠቱ ጉልበቴን አልፎ ወጣ። ቆዳዬ ቀላ፤ ሲነኩት ይፋጃል።

ቢሩክ ከሥራ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጥቶ እግሬን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ማን ነው ያሸሽ አለኝ። እናትህ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ ዝምታዬ ግን ነገረው። ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባኝና ወደ ገርጂ መሄጃ ካለ አንድ ሆስፒታል ወሰደኝ። መንገድ ላይ መብራት በያዘን ቁጥር ዞሮ ያየኛል። እኔም እያመመኝም ቢሆን እንዲህ የሚያየኝ ሰው በማግኘቴ ውስጤ ይሞቅ ነበር።

የተቀበለችኝ ዶክተር ኣርያም ትባላለች። የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ጭኔ ላይ እያንሸራተተች በየቦታው ትጫናለች። ጤነኛ የደም ሥር ሲጫኑት ይተኛል፤ የእኔ አልተኛ አለ። ጥልቁ የደም ሥርሽ ውስጥ ደም ረግቷል አለችኝ። ደም እንደ ወንዝ ነው፤ ቆሞ ሲውል ወይም የሚያረጋው ነገር ሲገባበት እዚያው ይጓጉላል። የእግሩ እብጠት ትንሹ ችግር ነው፤ ትልቁ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳምባ ሲሄድ ነው፣ ያ ሰው ይገድላል አለች። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትቆዪ ጥሪኝ። ቀጥላ ይህን እግር ያሸው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ተናኜ ይህን ጊዜ ደርሰው ወንበር ይዘው ነበርና ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ረጅም ጉዞ? የለም። ቀዶ ጥገና? የለም። ከቤተሰብ ደም የረጋበት? የለም። መቀመጥሽ ይረዳዋል እንጂ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ?

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ድምፅ የወይዘሮ ተናኜ መቁጠሪያ ብቻ ነበር። እወስዳለሁ ብል እኚህ ሴት ምን እንደሚሉ ስላወቅሁ አልወስድም አልኩ። ዶክተር ኣርያም ጥቂት አየችኝና ጻፈች። የደም ማቅጠኛ መርፌ ተጀመረልኝ፤ አልጋ ተሰጠኝ። ክኒኑ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማታ ሁሉም ሲወጣ አንድ ዋጥኩ። በአንድ በኩል ደሜን ያቀጥኑታል፣ በሌላ በኩል እኔ አረጋዋለሁ። ለምን ቢሉኝ፣ ሰርጉ ሊደርስ ነው።

በማግስቱ ቢሩክ የስልኬን ቻርጀር ከቦርሳዬ ሊያወጣ ሲፈልግ ማሸጊያውን አወጣው። አገላበጠው። እኔን አየኝ። ምንድን ነው ሳይል በፊት የቲጂ ነው አልኩት። ከግማሹ በላይ ተበልቷል። እናቱ የዳቦ ፌስታል ይዘው ሲገቡ ማሸጊያውን በፍጥነት መልሶ ከተተው፣ ደበቀልኝ። ከዚያም ጉዳይ አለኝ ብሎ ወጣ። ሳይሰናበተኝ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ወይዘሮ ተናኜ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ጀመሩ። አስተርጓሚያችን ስለሌለ ሁለታችንም ዝም አልን። እንዲህ ሆነን ብዙ ከቆየን በኋላ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከፈትኩት።

«ሮሃ፣» አለ። ድምፁ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው፤ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። «ማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። መቼ ጀመርሽ ብዬም አልጠይቅሽም። ያ ክኒን ደም እንደሚያረጋ አሁን አነበብኩ። እባክሽ ለዶክተሯ ንገሪያት። እማዬ ካለች አፍረሽ እንዳትተዪው፤ እኔ አስወጣታለሁ። ሰርጉን ከፈለግሽ በእኔ አሳብቢው፣ ቢሩክ ነው የተወኝ በይ። ብቻ አትሙቺብኝ።»

ደግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ይህ ልጅ በሌላ ወንድ ጠርጥሮኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ በላይ ያልነካኝ ሰው፣ ሌላ ነካት ብሎ አምኖ፣ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብሎ ስለ ነፍሴ ይለምነኛል። መስደብ አምሮኝ ነበር። ግን እንዲህ ተጠርጥሮ የተወደደ ሰው ምን ብሎ ይሳደባል? እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሶ ማዳመጫውን አራሰው።

ያን ጊዜ ነው ደረቴን የወጋኝ። ልብ ሲሰበር እንዲህ ነው መሰለኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሽ ስስብ ግን ደግሞ ወጋኝ፤ ሳወጣ ይለቀኛል፣ ስስብ ይወጋኛል። የሚሰበር ልብ የትንፋሽ ሰዓት አይጠብቅም። የዶክተር ኣርያም ነገር ትዝ አለኝና ደወሉን ተጫንኩት።

ዶክተሯ ሮጣ መጣች፤ ነርሷ ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ። ወይዘሮ ተናኜን ውጭ ይጠብቁ አለቻቸው። እሳቸው ተነሥተው ወደ በሩ ሲሄዱ ውስጤ የተከማቸው ነገር ሁሉ ሞልቶ ፈሰሰ። በዚያች ሰዓት ሞቴን አይደለም የፈራሁት፤ ሞቼ እንኳ እኚህ ሴት ምክንያቱን ሳያውቁ ልጅቱ ምን ነክቷት ነው ብለው ቢሩክን ሲጠይቁት ታየኝ።

«ይቀመጡ፣ ይስሙ» አልኳቸው። «ዶክተር፣ ክኒን እወስዳለሁ። የወሊድ መከላከያ። ሳላቋርጥ ከጥቅምት ጀምሮ፤ ትናንት ማታም ውጫለሁ።»

መቁጠሪያው ቆመ። ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ብቻሽን ልጠይቅሽ ሲገባኝ አለችና ለነርሷ ትእዛዝ መስጠት ቀጠለች። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

«ወንድ አላውቅም፣ ወይዘሮ ተናኜ። እርስዎ የቆረጡት ቀን የወር አበባዬ ላይ ዋለ፤ በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎ ለማዘግየት ነው የዋጥኩት። እርስዎ ደግሞ ለአዳራሽ ቀየሩት። ለጥልፍ ቀየሩት። እርስዎ ቀን ሲቀይሩ እኔ ስውጥ ከረምኩ።»

በትንፋሼ መሃል በመሃል እየተቆራረጠ ነው ያልኩት። ወይዘሮ ተናኜ በሩ ጋ እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ እኔን አዩኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በማን በኩል ልንገርዎት? በልጅዎ በኩል ይህ ይነገራል?»

 አልጋ እየገፉ ወደ ምርመራ ወሰዱኝ። ትንሽ የደም ቁራጭ እውነትም ሳምባዬ ደርሳ ነበር፤ ደግነቱ ትንሽ ናት፣ መድኃኒቱም አስቀድሞ ተጀምሯል። ክኒኑ ያን ቀን ቆሻሻ ቅርጫት ገባ፤ እንዲህ ያለውን ክኒን ዳግመኛ እንዳልነካ ተነገረኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ወይዘሮ ተናኜ ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን አፋቸው ፊት ይዘው፣ ድምፁን ከፍተው ለሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ አነጋገር ከቄሱ ጋር ያወራሉ። ቄሱ የእሳቸው የነፍስ አባት ናቸው፤ ሰርጉንም የሚባርኩት እሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ተናኜ ነገሩን ሲነግሯቸው ሰውየው ምንም አልደነቃቸውም። ይህማ በየሰርጉ የሚያጋጥም ነው፣ ተናኜ፤ ደውሎ ቀን ማሳለፍ እኮ ነው፣ እኛ ምን ቸገረን አሉ።

አንድ የስልክ ጥሪ። ሦስት ወር ክኒን የዋጥኩት፣ እግሬ ያበጠው፣ ሳምባዬ የተወጋው በአንድ ስልክ ለሚያልቅ ነገር ነው። ልስቅ ስል ደረቴን ወጋኝ፤ ላለቅስ ስልም ወጋኝ። ወይዘሮ ተናኜ ስልኩን ዘግተው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እያለቀሱ ይሁን እያፈሩ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን አልጠላኋቸውም።

ቢሩክ ማምሻውን መጣ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ሁሉን ነግረውት ነበርና በሩ ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ውያለሁ።

«ማንን ጠርጥረህ ነው?» አልኩት።

«ስም አልሰጠሁትም» አለ። «ስም ብሰጠው እንደምጠላሽ ስለገባኝ፣ ዝም ብዬ ሳልጠላሽ ልድረስልሽ ብዬ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን ያዘና ግንባሩን አስደገፈበት። ቀን እንግፋ ስትይኝ ለምን አልኩሽ፣ እንዲሁ ስትይኝ ተውኩት፤ አንድ ጊዜ ደግሜ መጠየቅ እንዴት አቃተኝ እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኔም የተሰናዳሁበት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። ፀጉሩን እየዳሰስኩ ሁለታችሁም፣ አንተም እናትህም፣ ሰው ማነጋገር ተማሩ አልኩት። እንደዚያ ቀን ተናድጄም፣ ወድጄም አላውቅም።

ከሆስፒታል ስወጣ ዶክተር ኣርያም ሁሉንም ሰብስባ ነገረችን። የሚዋጠው የደም ማቅጠኛ በደንብ ሥራውን እስኪጀምር መርፌው ቤት ውስጥም አይቋረጥም፤ ሆድ ቆዳ ላይ ይወጋል። የሚዋጠው ማቅጠኛ ቢያንስ ለሦስት ወር ይቀጥላል፤ በደም ምርመራ እየታየ። ጎመን አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ባዶ አይሁን፣ መድኃኒቱን ያዛባዋል። ይህን እየወሰዱ ማርገዝም አይሆንም፤ ጽንሱን ይጎዳል። እግር አይታሽም ስትል ወይዘሮ ተናኜን አየቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሦስት ወር ማለት ዐቢይ ጾምን ይዞ ማለፍ ነው፤ የጥር ወሩ ሰርግ በዚሁ ቀረ።

ጉርድ ሾላ ቤታችን እንደገባን መርፌውን ማን ይወጋል የሚል ክርክር ተነሣ። እኔ ራሴን መውጋት አልችልም፤ ሞክሬ መርፌው ቆዳዬ ጋ ሲደርስ እጄ ይሸሻል። አባቴ የጭነት መኪና ጎማ በመፍቻ የሚፈታ ሰው፣ ይህችን ቀጭን መርፌ ሲያይ በሩ ጋ ሆኜ እጠብቃለሁ ብሎ ወጣ። ነርሷ ያስተማረችው ቢሩክን ነው። ቢሩክ ደግሞ ሆዴን ዓይቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ተናኜ አብረውን ነበሩ። ቤታችን ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ በአባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን አላዩም፣ አልተጸየፉም። ቢሩክ መርፌውን ይዞ ሲቆም፣ እኔም ሹራቤን ይዤ ስቆም፣ ሁለታችንም ፊታችን ቀልቶ ማን ይጀምር እንደምንል ገባቸው። ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጎማ ሻጮች ካላንደር ማንበብ ጀመሩ። እኔ አላይም፣ ቶሎ በል አሉት።

ሹራቤን ከፍ አደረግሁ። ቢሩክ አልኮሉን ሲቀባኝ ቀዘቀዘኝ፤ እጁ ደግሞ ሞቃት ነው። እንደተማረው ቆዳዬን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠና ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል፤ ልክ ያኔ በትኬቱ መስኮት እንደሚመጣው። ቀና ብሎ አየኝና ይቅርታ አለኝ፤ ገና ሳይወጋኝ። ተክሊል እስኪደርስ ብለን ያቆየነው የመጀመሪያው መንካት ይህ ሆነ፤ እኔም አልከፋኝም።

ወይዘሮ ተናኜ ካላንደሩን አንድ ቅጠል ገለጡ፤ ሌላም ገለጡ። የዳግማይ ትንሣኤን ሳምንት በጣታቸው ተከትለው አለፉት። አሁን ደግሞ ቀን ሊቆርጡ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ሮሃ፣» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ ስሜን ከአፋቸው ስሰማ ይህ መጀመሪያዬ ነው። «ከፋሲካ በኋላ ላንቺ የሚመችሽ የትኛው ቀን ነው?»

ቢሩክ በዚያው ወጋኝ። መርፌው መግባቱን እንኳ አላወቅሁም፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ እየወረደ በጣቶቼ ቀን እቆጥር ነበር። አባቴ ሲቃዬን ከበሩ ውጭ ሰምቶ፣ ያመመኝ መስሎት፣ ቀስ በል እንጂ ብሎ ቢሩክን ተቆጣው።